የእሜቴ ፍራሽ

ልጅ ሳለሁ ሪያድ፣ ጉበይራ ሰፈር፣ የአገሬ ሴቶች በተዳበሉበት አንድ ክፍል ውስጥ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። ተረት የሰማሁት ያኔ ነው። የማታው፣ የመግሪብ አዛን ሲያልቅ፣ ሴቶቹ ከጽዳት ሥራ ተመልሰው እግራቸውን ሲዘረጉ፣ ከታች ካለው ምግብ ቤት የከሰልና የዶሮ ጢስ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ዓይናችንን ሲቆጠቁጠን፣ እሜቴ ከተጋደሙበት ሳይነሡ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ እኛም ጸጥ እንላለን።

እሜቴ የምንላቸው በዕድሜ ስለሚበልጡን ብቻ አልነበረም። አያታቸው ባላባት ነበሩ ይባላል። ማን እንዳለ አላውቅም፤ ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ብዙ ዘመን የሰው ቤት ምግብ ሲያበስሉ ኖረው ጉልበታቸው ሲከዳቸው እኛ ክፍል ገቡ፤ በገቡ ቀንም ከመከየፉ ሥር ያለውን ፍራሽ ያዙ። መከየፍ የምንለው አየር ማቀዝቀዣውን ነው። እሱም አሮጌ፣ ሲሠራ የሚያንኳኳ፣ ቅዝቃዜው ከሥሩ ካለው ፍራሽ የማያልፍ ነበር። የሪያድን ሙቀት ያልቀመሰ ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር ያየው ይሆናል።

ተረታቸው ሁሉ የንጉሥ ተረት ነበር። አብልጠው የሚወዱት ደግሞ የነፍሰ ጡሯን ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት አቤት ልትል ችሎት ትቆማለች፣ ፀሐዩ ያዞራታል፣ ንጉሡ ይህን አይተው ከዙፋናቸው ይወርዱና «የደከመው ይቀመጥበት» ብለው እጇን ይዘው ያስቀምጧታል። ሴቶቹ «እሰይ! ንጉሥ እንዲህ ነው እንጂ!» እያሉ እንባቸውን ይጠርጋሉ። እናቴም ትጠርጋለች፤ እሷ ግን ላቧንም ጭምር ነው። ያኔ ወንድሜን አርግዛ በሩ ሥር ነበር የምትተኛው፣ የኮሪደሩ ወበቅ ፊቷ ላይ እየተነፈሰ። እኔ አንዴ እሷን አንዴ እሜቴን አያለሁ። ተረቱን እጠላው ጀመር።

ሪያድ ውስጥ ሴቶች መኪና መንዳት የጀመሩበት ዓመት ነበር። ሐዋ አንድ ቀን ብድግ ብላ «አቦ፣ የቤት አለቃ እንምረጥ!» አለች። ሐዋ የወሎ ልጅ ናት፤ ምላሷ ስለት፣ ልቧ ቸር። ቴምር አደለችን፤ በልተን ፍሬውን በምንመርጣት ሴት ኩባያ ውስጥ ጣልን። እኔንም ልጅ ነሽ ሳትል ቴምር ሰጠችኝ፣ እኔም ፍሬዬን ለሷ ጣልኩላት። ሐዋ አሸነፈች።

«እሜቴስ ምን ሊሆኑ ነው?» አለች አንዷ።

«እሳቸውማ ንጉሣችን ናቸው» አለች ሐዋ እየሳቀች። «ፈረንጆቹ የሚተዳደሩት በመረጡት ሰው ነው፤ ንጉሡም ለክብር አለ። ለክብር ቢቀመጡ ምን ይጎዳል? ወላሂ ምንም!»

እሜቴ ትራሳቸውን እያመቻቹ «ደግ ብለሻል ልጄ» አሉ።

የእናቴ ሆድ ሲገፋ ሐዋ ኩባያዎቹን እንደገና አወጣች፤ ከመከየፉ ሥር ማን ይተኛ? ፍሬው ሁሉ እናቴ ኩባያ ውስጥ ገባ። የእሜቴም! በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፍሬያቸውን ጣል አደረጉና «በሰላም ይገላግልሽ» ብለው ተመልሰው እዚያው ፍራሽ ላይ ጋደም አሉ። «ይነሡ» የሚል ሰው ጠፋ። በአከራዩ ወኪል ላይ እንደ ነብር የምትጮኸው ሐዋ እንኳ ስልኳን መነካካት ያዘች። «እማዬ፣ ለምን አትነግሪያቸውም?» ብላት እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘችና «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» አለችኝ። እሷም ፈገግ ብላ ነበር፤ እኔ ግን በገንሁ።

በመጨረሻ ኹሩጃቸው፣ የመውጫ ፈቃዱ ማለቴ ነው፣ ደረሰላቸውና እሜቴ አገራቸው ገቡ። ሴቶቹ እየተላቀሱ ሸኟቸው። እኔ አላለቀስኩም፤ እማዬ ዛሬ ደህና እንቅልፍ ትተኛለች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሐዋ ግን የእሜቴን አንሶላ አጥባ አነጠፈችው፤ ትራሳቸውንም ከላዩ አኖረችው። እግራቸው ገና ከመውጣቱ ቦታቸው ላይ መተኛት ነውር ነው ተባለ። ፍራሹ ባዶውን ሲቀዘቅዝ ሰነበተ።

አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ እናቴ ውኃ ልትጠጣ ተነሥታ በሩ ሥር ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሴቶቹ «ዋይ! ዋይ!» ብለው ከበቧት፤ ካርቶን ቀደው ያራግቡላት ጀመር። መከየፉ እዚያ ማዶ ነፋሱን ባዶ ፍራሽ ላይ ያወርዳል፣ እነሱ እዚህ በካርቶን ያራግባሉ! «እዚያ አስተኟት!» ብዬ ጮኽኩ። ሐዋ ብብቷን ይዛ አነሣቻት። ይሄኔ እናቴ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «የእሜቴ ነው… ነውር ነው፣ ተዉኝ» አለች። ሐዋም ተወቻት። መልሳ ወለሉ ላይ አስተኛቻት!

ሮጬ ሄጄ ትራሱን አነሣሁና ወረወርኩት። ፍራሹ ላይ ወጥቼ ቆምኩ፤ ከእግሬ ሥር እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር። «ሰው የለበትም! እዩት፣ ማንም የለበትም!»

ጥፊው ሳላየው ነው የደረሰው። «ባለጌ!» አለች ሐዋ፤ ትራሱን ከወደቀበት አንሥታ፣ አቧራውን አራግፋ፣ ቦታው መለሰችው።

ወንድሜ በደህና ተወለደ፤ ተመስገን ነው። ያደገው ግን በሩ ሥር ነው፣ ክፍሉን ለቅቀን እስክንወጣ ድረስ። ዛሬ ሰዎች ንጉሥ ለዲሞክራሲ ይበጃል አይበጅም ብለው ሲከራከሩ፣ አንዱ አዋቂ መቼም አይጠፋም፤ «ለክብር ቢቀመጥ ምን ይጎዳል?» ይላል። ያ የካርቶን ነፋስ ትዝ ይለኝና ያንገሸግሸኛል። እሜቴን እንኳ ይቅር ብያቸዋለሁ፤ እሳቸው ሄደው ነበር። ጆሮዬን ያጮኸው የእሳቸው እጅ አልነበረም፤ የቴምር ፍሬዬን የጣልኩላት የሐዋ እጅ ነው።