ዓሣዋ የወለደች ለት

ልጄ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል። ለሦስተኛው ሐኪሙ «ከአልጋ እንዳትወርጂ» ስላላት ላስታምማት ከትክል ድንጋይ ጎንደር ገባሁ። ቤታቸው ማራኪ ሰፈር ነው። ባሏ ሥራው አይከል ከተማ ስለሆነ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ያው ይቀራል። ብቻዋን እንዳይከፋት ብሎ አንዲት ቀይ ዓሣ በመስታወት ሳጥን አድርጎ ከአልጋዋ ፊት ለፊት አስቀምጦላታል። ልጄ እሷን ስታይ ነው የምትውል።

እኔ ለዓሣ ደንታ የለኝም። ኋላ ግን የዓሣዋ ሆድ ተነፋ።

«አባባ፣ አርግዛ ይሆን?» አለችኝ ልጄ።

«ባል የላት፣ ከማን? ዓሣ ደግሞ እንቁላል ነው የሚጥል። ዳቦ በዝቶባት ነው» አልሁ። ዳቦውን የምፈረፍርላት እኔው ነበርሁ።

አፌ እንዲህ ይበል እንጂ ልቤ ፈርቷል። ድንጋጤ ፅንስ ያስወርዳል ሲባል ነው ያደግሁት። ይቺ ዓሣ ልጄ ዓይኗ እያየ ብትሞትስ?

አንድ ጠዋት አጥሚት ላሞቅ ስነሳ መስታወቱን አየሁ። የዓሣዋ ሆድ ጎድሏል። ሳጥኑ ውስጥ ካለው የላስቲክ ሣር ሥር የሚርመሰመስ ነገር አለ። ትል መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ዓይን አላቸው፤ ዓሣ ናቸው። ሸጋ ነው ልል ስል እናታቸው ዞረችና አንዱን ዋጠችው። ሌላም ደገመች።

ልጄ አሁን ብትነቃ የምታየው ይህንን ነው። ጋቢዬን አውልቄ ሳጥኑ ላይ ጣልሁበትና ጓዳ ገብቼ ለባሏ ደወልሁ።

«አያ፣ ምነው በጠዋት? እሷ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ዓሣይቱ ወልዳ ልጆቿን እየበላች ነው።»

እፎይ ሲል ሰማሁት። «የዚህ ዘር ዓሣ ይወልዳል። ስገዛት በሆዷ ይዛ ኖሮ ነው። እናቲቱን ይለዩዋት፤ ልጆቿን ከምግብ አትለይም።»

ከሳጥኑ ውሃ በጆግ ቀዳሁ። ጋቢውን ባንድ በኩል ገለጥ አድርጌ የሻይ ማጥለያ ሰደድሁ። ትንንሾቹን እንዳልጨፈልቅ እፈራለሁ፤ ውሃው ተንቦጫርቆ ልጄን እንዳይቀሰቅሳትም እፈራለሁ። በስንት መከራ እናቲቱን ይዤ ጆጉ ውስጥ ከተትኋት።

«ወዴት ነው የምትወስዳት?»

ልጄ ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች።

«ውሃ ልቀይርላት ነው።»

«አባባ፣ ጋቢውን አንሳው። ስትበላቸው አይቻለሁ።»

ጆጉ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። «መቼ?»

«አንተ ሳትነሳ። ብነግርህ ትደነግጣለህ ብዬ ነው የተኛሁ የመሰልሁት።»

እጇ ሆዷ ላይ ነው።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«ቁርጠት ነገርስ?»

«አላመመኝም አልሁህ እኮ።»

አላመንኋትም። ደም ይኖር እንደሆን ብዬ የአንሶላውን ጠርዝ አየሁ፤ ፊቷን አየሁ። እሷ ጆጉን ነው የምታይ።

«ጓዳ አታስገባት። አራስ ብቻዋን አትተውም። እዚህ ራስጌዬ አድርጋት።»

«ልጆቿን የበላችውን?»

«እሷን።»

ራስጌዋ አደረግኋት። ጋቢውን ሳነሳ የተረፉት ከሣሩ ሥር ብቅ ብቅ ይላሉ። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁና ዓይኔን ሆዷ ላይ ካለው እጇ አልነቀልሁም።

«ይራገጣል» አለች በመጨረሻ። «ይልቅ ርቦኛል።»

አጥሚቱን ላሞቅ ሄድሁ። የጓዳውን በር ግን አልዘጋሁም።