ከጎፋ ወደ ጎፋ፣ ሽንት ፍለጋ

ከጎፋዋ ሳውላ ልንወጣ በዋዜማው ማታ ባለቤቴ ዘለቀ የልጃችንን ልብስ ሦስት ጊዜ አጣጥፎ ሦስት ጊዜ በተነው። እሱ ከታላቋ ልጃችንና ከከብቶቹ ጋር ሊቀር፣ እኔ የሦስት ዓመቱን ኢዮብን ይዤ አዲስ አበባ ልሄድ ነው። ኢዮብ ከተወለደ ጀምሮ ሽንቱ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ ፈሶ አያውቅም። ሐኪሞቹ "ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆነ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል" ብለውናል።

አዲስ አበባ ገና ከመውረዴ አንድ የታክሲ ረዳት "ጎፋ! ጎፋ! አንድ ሰው!" እያለ ይጮሃል። ክው አልኩ።

"ወንድሜ፣ ከጎፋ አሁን መምጣቴ ነው፤ ልትመልሰኝ ነው እንዴ?"

ታክሲው በሙሉ ሳቀብኝ። ለካ እዚህም ጎፋ የሚባል ሰፈር አለ! አገሬ ቀድማኝ የመጣች መስሎኝ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ኃይሌ ጋርመንት በሚባል ሰፈር ቤት የሚያከራዩት እትዬ ብርቄ በር ላይ አቁመው መረመሩኝ።

"ልጅሽ ፍራሽ ላይ ይሸናል?"

"ምነው በሸና!"

"ምን አልሽ አንቺ?"

"እሱን ፍለጋ እኮ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።"

ነገሩን ሲሰሙ አዘኑልኝና አስገቡኝ። ግን አስጠነቀቁኝ፤ "ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው። በሌላው ቀን የውሃ መስመሩን ቫልቭ ይዘጉታል።"

ብርዱስ፣ የሳውላ ሰዎች፣ አይጣል ነው! ጎረቤት ሰላም ስትሉ "ማንን ፈልገሽ ነው?" ትባላላችሁ። ጎደሬ አምሮኝ በህልሜ በላሁ።

የሕፃናት ቀዶ ሐኪሟ ምርመራውን አይተው "የኢዮብ እናት፣ የሽንት መስመሩ ላይ ቫልቭ አለ" አሉኝ።

"እሱንም ዘጉት? ማነው የዘጋው?"

ዶክተሯ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። "ማንም አልዘጋውም። ይዞት የተወለደው ስስ ሽፋን ነው። ሆዱን ሳንከፍት በቀጭን መሣሪያ ገብተን እንቆርጠዋለን።"

"እንግዲያው ሲጨርሱ በእኛም ሰፈር ብቅ ይበሉ" አልኳቸው።

እንዲህ የምቀልደው ፈርቼ ነበር። ኦፕራሲዮን ሲያደርጉት የክፍሉ በር ላይ ተቀምጬ ስጸልይ ነበር።

ከቀናት በኋላ ነርሷ የሽንት ቱቦውን አወጣችለትና እስኪሸና ጠበቅን። ኢዮብ ውሃ ጠጣ፣ ደግሞ ጠጣ፣ ተቁነጠነጠ። ከዚያ የፕላስቲክ ባልዲው ፊት አቆምኩትና ዘለቀ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ወደ ባልዲው አስጠጋሁት።

"እዚያ ዝናብ ይጥላል እንዴ?" አለኝ።

"ልጅህ ነው!"

"ጌታ ይባረክ! ጌታ ይባረክ!" እያለ ሲጮህ ከብቶቹ ሳይደነግጡ አልቀሩም። እኔም እዚያው ዋርዱ ውስጥ እልል አልኩ፤ ነርሷ ዝም በይ አላለችኝም።

"በቃ ዳነ፤ መቼ ትመጣላችሁ?" አለኝ።

ዶክተሯ ጠዋት ነግረውኝ ነበር። አንዱ ኩላሊት ተጎድቷል፤ ኢዮብ እስኪያድግ ድረስ ክትትል ስለሚያስፈልገው ከዚህ መራቅ የለብንም።

"ዘሌ" አልኩት፣ "ደግሞ ሲሸና እደውልልሃለሁ።"