ደሴ ደርሶ መልስ፣ ያለ መጠባበቂያ ጎማ

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ደሴ የተነሣሁት አባቴን ለማምጣት ነበር። አንድ ዓይኑ ቀድሞ ጠፍቷል፤ ስለቀረችው ዓይኑ የደሴው ሐኪም «እስከ ሐሙስ አዲስ አበባ ካልደረሰ አትተርፍም» ብሏል። ከመንገዱ በፊት ግን የመኪናዬን ዝግጅት ልናገር፤ ዛሬም ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው።

ሲግናል፣ ሰኞ ጠዋት

መካኒኬ ጋሽ በየነ ቮልሷን ፈታትቶ ገጠማት። ዘይቷንና የፍሬን ሸራዋን ቀየረ። ስንት ወር ደጅ ጠንቼ በፈቃድ ያገኘሁትን አዲስ መጠባበቂያ ጎማም ከፊት ኮፈኑ ሥር አስገባ። ጎማው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ፀጉር መሰል ላስቲክ እንኳ አልረገፈም።

«እንጦጦን ወጥታ ሳትወርድ አልሸኛትም» አለኝ። ልማዱ ነው፤ ዳገቱ ፍሪሲዮኑን፣ ቁልቁለቱ ፍሬኑን ይፈትንለታል።

እንጦጦ፣ ከሰዓት በኋላ

እንጨት የተሸከሙ ሴቶችን እያለፍን እስከ ኪዳነ ምሕረት ያለ ችግር ወጣን፤ በሰላምም ወረድን። ሰፈር ስንደርስ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂዎች አስቁመው ፈተሹንና ጎማውን አወጡት።

«የቀበሌው ቮልስ ለግዳጅ ይወጣል፤ ጎማ የለውም» አለ አለቃቸው።

«እኔም ነገ መንገደኛ ነኝ። አባቴ ሊታወርብኝ ነው።»

«የእርስዎ ጉዳይ የግል ነው፣ ጓድ። ይመለስልዎታል።»

ጋሽ በየነ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። እየጎተተም ወደ መኪናው መለሰኝ።

መንገድ

ደብረ ብርሃን ቆሎ ገዛሁ። የጣርማ በርን ጉም እየፈራሁ፣ ለእያንዳንዷ ጠጠር እየሰጋሁ ነዳሁ። ሰዓት እላፊ ስለደረሰብኝ ኮምቦልቻ አድሬ ረቡዕ ደሴ ገባሁ፤ የሐኪሙ የመላኪያ ወረቀት እስኪሰጠን መሸ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አባቴን ይዤ ተመለስኩ። ከሸዋ ሮቢት አለፍ እንዳልን የኋላ ጎማ ፈነዳ፤ ተቦጫጭቆ ለጎሚስታም አልሆነም። የሚያልፉት ካሚዮኖች ወታደር የጫኑ ናቸው፤ አውቶቡሶቹም ሞልተዋል። አባቴ ዓይኑን በነጠላው ሸፍኖ ከግራር ሥር ዋለ። «ቀኑ መሸ እንዴ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። አውቶቡስ ያገኘነው በማግስቱ ነው።

«ትናንት ቢመጡ ኖሮ» አለ የአዲስ አበባው ሐኪም።

ቤት

መኪና ለረጅም መንገድ ስናዘጋጅ ዳገቱንና ቁልቁለቱን እናስባለን። እኔን ግን የጣለኝ የገዛ ሰፈሬ ነው፤ ይህን ጉዞው አስተምሮኛል።

በሳምንቱ የጥበቃው አለቃ ጎማውን አንከባልሎ አመጣው። «ግዳጁ ቀረ» አለ፤ ደጃፍ ላይ አጋድሞት ሄደ።

አባቴ ምን እንደመጣ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። በከዘራው እየፈለገ ወጣና ጎንበስ ብሎ በጣቶቹ ዳበሰው።

«ልጄ» አለኝ፣ «ይሄ እኮ ፀጉሩም አልረገፈ። መሬት አልነካም።»