«በጭራሽ» ብዬ የሞላሁት መጠይቅ

ሰኒ አለፈች! ትናንት ከሰዓት የመመረቂያ ጥናቷን አቅርባ አለፈች። የምስጋናውን ገጽ ገልጣ ስታሳየኝ ስሜ እዚያ አለ። ከደስታዬ ብዛት የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ግን ያ ስም እዚያ እንዴት እንደገባ ከእሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ለሌላ ሰው ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

ሰኒ አቃቂ በሰቃ አንድ ግቢ ውስጥ አብረን ያደግን የጎረቤታችን ልጅ ናት። እኔ ኮሌጅ ስጀምር እሷ እዚያው ልትጨርስ ነበር። ጥናቷ የተማሪዎች የሞባይል ሱስ ምን ያህል እንደደረሰ መለካት ነበር፤ የእኛን ክፍል መረጠችና መጠይቁን በእኔ እጅ አስበተነች። ስለምታምነኝ።

እኔስ ምን አደረግሁ? አናቱ ላይ «የሞባይል ሱሰኝነት» የሚለውን ሳይ ደነገጥኩ። በእኛ ግቢ ሱሰኛ ማለት ጫት ቤት የሚውል፣ ስሙ ሲነሳ እናቱ አንገቷን የምትደፋ ልጅ ነው። እኔ እንደዚያ ነኝ? «ስልክሽ ከአጠገብሽ ሲርቅ ትጨነቂያለሽ?» ይላል። በጭራሽ። «ስትነቂ መጀመሪያ ስልክሽን ታያለሽ?» በጭራሽ። ይህን ስሞላ ስልኬ በግራ እጄ ነበር። ደግሞ በራሴ መች አበቃሁ? «ሱሰኛ ነኝ ብላችሁ እንዳትፈርሙ፣ ኋላ ለቤተሰብ ነው የሚነገረው» ብዬ ክፍሉን ያስፈራራሁት እኔ ነኝ። ስም እንደማይጻፍበት እያወቅሁ። አንዱ ከኋላ ቲክቶክ እያየ፣ እኔማ ስልክ የያዝኩት ሰዓት ለማየት ነው ብሎ አሳቀን። ሳቅሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ሰኒ ዓይኗ አብጦ መጣች። አማካሪዋ ውጤቱን አይተው፣ «የጠየቅሽው ተማሪዎችን ነው መነኮሳትን?» ብለዋታል። ራሷ ሞልታ ያመጣችው መስሏቸዋል። እንደገና ካላስሞላች ዘንድሮ መመረቅ የለም። አባቷ ጋሽ ታደሰ ደግሞ ለሚሠሩበት ፋብሪካ ሠራተኛ ሁሉ ምርቃቷን አውርተው ጨርሰዋል። እሷን አጭበርባሪ ያስባልኳት እኔ ነኝ። ቃሉ አስፈርቶኝ ነው ልበል? ቃሉ ማንንም አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ግቢያችን ቧንቧ አጠገብ ጀሪካን ስንሞላ ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ጀሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ብዬ ብጠይቅሽ ነበር እውነቱን የምትነግሪኝ?»

«ሱስ ባትይኝ። ቻርጅ ሲያልቅብሽ ምን ትሆኛለሽ ብትይኝ፣ ሰው ማናገር ያስጠላኛል እልሽ ነበር።»

«አንቺ ጉደኛ» አለችና ቧንቧውን ዘጋችው። ስትስቅ ነው ማልቀስ የጀመርኩት።

አማካሪዋን አስፈቅዳ ያን ቃል ከመጠይቁ አወጣችው፤ ሰዉም እውነቱን ጻፈ። የክፍሌ ልጆች፣ ወረቀቱ ለምን ሁለቴ መጣ ስትሉኝ «ስህተት ነበረበት» ብያችሁ ነበር። ስህተቱ እኔ ነበርኩ። ይቅርታችሁን እለምናለሁ፤ ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ያኔም የዛሬዋ መሲ ነበርኩ።

ሰኒ በምስጋናዋ ላይ ምን ብላ እንደጻፈች ታውቃላችሁ? «እውነቱን ቀድማ ለነገረችኝ ለመሲ።» ቀድማ! ለዚህች ቃል ዕድሜ ልኬን አመሰግናታለሁ።

ጋሽ ታደሰ ለምርቃቷ ዕለት ማንም እንዳይቀር ብለዋል፤ መልእክቱን አድርሻለሁ። ኑ። በሩ ላይ ሰፌድ ይዤ እጠብቃችኋለሁ፤ ስልካችሁን እዚያ አስቀምጣችሁ ትገባላችሁ። የእኔ ከሁሉ በፊት ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።