ለሕያው የወረደ ሙሾ

እትዬ ሸዋዬ ከጉና የመጡ ዕለት ዝናቡ ከጧት ጀምሮ አላባራም ነበር። ጣናን ጉም ውጦት ከግቢያችን አጥር ወዲያ ሐይቅ ያለ አይመስልም። ሐምሌ ነው፤ ባሕር ዳር ጭቃ በጭቃ ሆናለች። የለበሱት የበግ ጠጉር ባና ውኃ ጠጥቶ ከብዷቸው ከኪነት ቡድኑ መኪና ወረዱና በረንዳው ላይ ቆሙ። ሰላምታም ሳያስቀድሙ፣ «ልጄን የሚያስመልሱት ሰው የታሉ?» አሉኝ።

እኔ በባህል ማዕከሉ ጽዳት ነበርሁ፤ ሻይም አፈላለሁ። ትምህርቴን አባቴ ሲሞቱ ከስድስተኛ ክፍል ነው የተውሁት። ማዕከሉ ሐይቁ ዳር ያለ የተወረሰ ቤት ነው። ሠራተኞቹ ደጋውን እየዞሩ የእረኛ ዋሽንት፣ የአጨዳ ዘፈን፣ የሠርግ ግጥም፣ ፉከራ በቴፕ ይቀዳሉ። ክፉ ሥራ አልነበረም። የሚያውቁት ሽማግሌዎች እያለቁ ነው፤ ድምፃቸው እንኳ ይትረፍ ነው ነገሩ። ያልተቀዳው ልቅሶ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ልቅሶ ላይ ቴፕ ይዘው ቢገቡ በዱላ ተባረው መጥተዋል።

እትዬ ሸዋዬ በጉና ዙሪያ ስማቸው የታወቀ አልቃሽ ናቸው። ሰው ሲሞት እሳቸው ሳይደርሱ ልቅሶው ልቅሶ አይባልም። ባላቸው ቀድመው ሞተው አዘዘ የሚባል አንድ ልጅ አሳድገዋል። አዘዘ ገብስ ሊሸጥ ይፋግ ገበያ ወርዶ በዚያው ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ። የማዕከሉ ኃላፊ ጓድ አንዳርጋቸው ይህን ሰምቶ ነው መኪና የላከላቸው።

«ልጅዎ ዋሽንት ይነፋል አሉ» አላቸው።

«ይነፋል። ጉና ይመስክር።»

«እንግዲያው ለኪነት ቡድናችን ይፈለጋል ብለን ከማሠልጠኛ እናስመልሰዋለን። እርስዎ ደግሞ ሙሾ ያወርዱልናል፣ እንቀዳለን። ባህሉ እንዳይጠፋ ነው፣ እናቴ።»

«ማን ሞተና?»

«ማንም አልሞተም። እንዲያው ለታሪክ እንዲቀመጥ ነው።»

እትዬ ሸዋዬ ወደኔ ዞሩና፣ «ይኸ ሰው እናት የለውም?» አሉኝ።

በደጋው ልማድ ያለ ሟች ሙሾ አይወርድም። ሬሳው ሩቅ አገር የቀረ እንደሆነ እንኳ ልብሱ ይነጠፋል፣ ዕቃው ይደረደራል፣ ስሙ ይጠራል። ሟች የሌለው ሙሾ ሟች ፍለጋ ይሄዳል ይላሉ። ለባላቸው እንዳያወርዱ ተዝካራቸው ከወጣ ቆይቷል፤ ያረፈን ሰው መቀስቀስ ይሆናል።

ቴፑን የሚያስኬደው የወረታው ነጋዴ ልጅ ኑርሑሴን ከመሣሪያው ላይ ቀና ሳይል፣ «ጓድ፣ ቆርቆሮው ከኛ በላይ እየዘፈነ ነው። ዛሬ ብንቀዳ የሚወጣልን የጣሪያ ዘፈን ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ለእሳቸው ፋታ ሊያገኝላቸውም መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። ጓድ አንዳርጋቸው ከቲያትር ልብሶቹ መካከል የወታደር ልብስ አምጥቶ አግዳሚው ላይ ዘረጋው።

«ይኸው ሟች። ለእናት አገሩ የወደቀ ጀግና። ስም አይጥሩ፣ በቃ።»

እትዬ ሸዋዬ ልብሱን ሲያዩ ቆዩ። እጅጌው ተጣጥፎ ነበርና ጎንበስ ብለው ዘረጉት። «ስም ካልጠራሁ ልጄ ላይ አይደርስም» አሉ፣ ለራሳቸው ነው። «እሱም ይመጣልኛል።»

ሲጀምሩ ዐይናቸው ከቴፑ ላይ አልተነሣም። ኋላ ግን የለመደ ሰውነት ነውና መወዛወዝ ጀመሩ፤ ቴፑንም እኛንም ረሱን።

«ገብሱ ደርሷል አሉ፣ ደጋው ነጭ ለበሰ፤
አጫጁ ልጄ ግን፣ ቤት አልተመለሰ።»

ቃሉ ከወጣ በኋላ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ኑርሑሴን ሊያቆመው እጁን ሲሰድድ ጓድ አንዳርጋቸው በዐይኑ ከለከለው።

ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት አረፉ። በየጧቱ አብረን ወደ ማዕከሉ እንሄዳለን።

«ጓድ፣ ልጄስ?»

«ማመልከቻው ሄዷል፣ እናቴ።»

«በእግሩ ነው የሚሄደው? በግ እየነዳ ከጉና የተነሣ ሰው እንኳ እስካሁን ይደርስ ነበር።»

ሠራተኞቹ ይሥቁ ነበር። እሳቸውም አብረው ይሥቁና ዳር ሄደው ይቀመጣሉ።

በኅዳር መኪናው ድምፅ ማጉያ ጭኖ ወደ ደጋው ወጣ። ሕዝቡ የገዛ ባህሉን ይስማ ተብሎ የተቀዳውን ሁሉ በየገበያው አሰሙ። ሙሾውንም አሰሙ። ይህን እኔና እሳቸው አላወቅንም።

ከገና በኋላ አንድ ሰው በማዕከሉ በር ገባ። ራሱን ተላጭቷል፤ ጋቢው ከል የገባ ነው። እትዬ ሸዋዬ በረንዳው ላይ ገብስ ይለቅሙ ነበርና ሲያዩት ደስ ብሏቸው ተነሡ። ወንድማቸው ደሞዝ ነው። እሱ ግን አንገታቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ።»

«ማን ሞቶብኝ?»

ደሞዝ እኔን አየኝ፤ መልሶ እሳቸውን አየ። «አንቺው አይደለሽ ያረዳሽን? አጫጁ ልጄ ብለሽ!»

የአገሩ ሰዎች የአዘዘን ጋቢና ዋሽንት አልጋ ላይ ዘርግተው አልቅሰውለታል። ፍትሐት ደርሶለታል። በአርባው ተዝካሩ ወጥቷል። የገበሬ ማኅበሩም ለሟች መሬት የለም ብሎ እርሻውን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል።

«አለ!» ብለው ጮኹ እትዬ ሸዋዬ። «ልጄ አለ! ሂድና አለ በልልኝ!»

«ምን ብዬ? ድምፅሽን አገር ሰምቶታል። እናቱ አለቀሰችው፣ እኔ ማን ነኝና አልሞተም እላለሁ?» ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎም፣ «ሐዘን እንዲህ ያደርጋል። ብቻዋን አትተያት» አለኝ።

እየሮጡ ጓድ አንዳርጋቸው ዘንድ ገቡ፤ ተከተልኋቸው።

«በዚያው በማጉያው አዘዘ አለ ይበሉልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ገበያ ላይ።»

«መኪናው ለቅስቀሳ ወጥቷል፣ እናቴ። ደግሞስ ቴፑ ላይ ስም አልተጠራም። እኛ ማንንም ሞተ አላልንም።»

እውነቱን ነው። ስም አልተጠራም።

ደሞዝ ያመጣውን በሶ አስቀምጦ ተመለሰ። እሳቸው ግን መጠበቁን አልተዉም። አዘዘ በእግሩ መጥቶ ጉና ቢወጣ ሁሉም ይፈርሳል፤ ልቅሶውም፣ ተዝካሩም፣ የመሬቱም ነገር። ያላቸው ተስፋ ይኸው ነበር። ጓድ አንዳርጋቸው ሌላ አገር ተዛወረ። በእሱ ቦታ የመጣው ሰው ቡድኑ ኦርጋንና ጊታር ስላለው ዋሽንት ነፊ አያስፈልገውም አለ። ማመልከቻውን የሚያውቅ አልተገኘም።

በቀጣዩ ክረምት አምባቸው የሚባል የእንፍራንዝ ልጅ በክራንች መጣ። ከአዘዘ ጋር አንድ ምሽግ ነበሩ። ሲቀመጥ ሳያወራው ገባን።

«መቼ?» አሉት እትዬ ሸዋዬ።

«በሰኔ ነው፣ እናቴ።»

«በኅዳርስ? ባለፈው ኅዳር ነበረ?»

«በኅዳርማ አብረን ነበርን። እዚያው የሠራውን ዋሽንት እየነፋ ያጫውተን ነበር።»

አላለቀሱም። ሰው ካልከበባቸው ልቅሶው አይወጣም፤ በነጋታው ወደ ጉና ተነሡ። ሳምንት ሳይሞላ ተመለሱ።

«ተለቅሷል አሉኝ» አሉ፣ ደጃፉ ላይ ቆመው። «አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስም አሉኝ። ካህኑም ፍትሐቱን ዘግቼዋለሁ አሉኝ።»

ቤት ውስጥ ብቻችንን ሞከርን። እኔ ተቀባይ ሆንሁላቸው፤ ግን ቃል አልወጣላቸውም። አፋቸው ይከፈታል፣ ተመልሶ ይከደናል። «ያለኝን ለዚያ ዕቃ ሰጥቼዋለሁ። እሱን አሰሙኝ» አሉ። ማዕከሉ ወሰድኋቸው። ኑርሑሴን በሩን ዘግቶ ካሴቱን ከፈተላቸው። ነጠላቸውን አሸርጠው መሬት ተቀመጡ፤ ድምፃቸው ከቴፑ ሲወጣ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ፤ እኔም መታሁ። «አጫጁ ልጄ ግን» የሚለው ላይ ሲደርስ እጃቸው ቆመ።

«ዝጋው፣ ልጄ። ይኸ የአዘዘ አይደለም። ያን ጊዜ በሕይወት ነበር።»

ኑርሑሴን ዘጋው።

ካሴቱ ዛሬም ማዕከሉ ውስጥ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ያሰሙታል፣ ይመሰገናሉ። እትዬ ሸዋዬ አሁን ወደ መሸንቲ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ በተከራየኋት ክፍል ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ገብስ ቆልተው በሶ አስፈጭተው ገበያ ይሸጣሉ። የጎረቤት ልቅሶ ይደርሳሉ፤ ዳር ይቀመጣሉ፣ አፋቸውን አይከፍቱም።