በአውራ ጣቱ የቆመው ሞንጎል

ባለፈው ሳምንት ያንግ ጎዳና ላይ አንድ ፈረሰኛ ፖሊስ አጠገቤ ቆመ። ሰው ሁሉ ፈረሱን ሲያደንቅ እኔ እንደ ልማዴ የፖሊሱን እግር አየሁ። ቡት ጫማው እርካቡ ውስጥ እስከ ግማሽ ገብቷል። ከስንት ዓመት በኋላም ፊቴ ጋለ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከአባቴ ጋር ከአገር ወጥተን ሴንት ጄምስ ታውን የሚባል ሰፈር፣ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። የታሪክ መምህራችን ስለ ሞንጎል ፈረሰኞች ጥናት እንዳቀርብ አዘዘኝ። ካማረልኝ እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ መጤዎች ከተለየው ክፍል፣ ከኢኤስኤል፣ ወጥቼ መደበኛው ክፍል እገባለሁ፤ ካልሆነ ሌላ አንድ ዓመት እዚያው ነኝ። ጭንቀቱ ምግብ ከለከለኝ።

አባቴ በወጣትነቱ ጉግስ ተጫዋች ነበር፤ ስለ ፈረስ ከጠየቁት ወጡ ይቀዘቅዛል። ምስሩን ትቶ የሶፋው ክንድ ላይ ጉብ አለና ካልሲውን አውልቆ የቁልፍ ቀለበት አውራ ጣቱ ላይ ሰካ።

«እርካብ እንዲህ ነው፤ አውራ ጣት ብቻ። ብትወድቂ ፈረሱ አይጎትትሽም።»

«ሞንጎሎቹም እንዲህ ነበሩ?»

«ፈረሰኛ ሁሉ ፈረሰኛ ነው፣ ልጄ!»

አመንኩት። ትልቅ ካርቶን ላይ በባዶ እግሩ፣ አውራ ጣቱን ቀለበት ውስጥ የከተተ ሞንጎል ሣልኩ።

ዕለቱ ሲደርስ፣ የመጀመሪያው በረዶ በጣለበት ጠዋት፣ አባቴ ከፓርኪንግ ሥራው ፈቃድ ጠይቆ፣ ሱፉን ለብሶ ከኋላ ተቀመጠ። ካርቶኑን ሰሌዳው ላይ ለጥፌ ጀመርኩ። ሞንጎሎቹ የሸሹ መስለው ጠላትን እንዴት እንደሚያስከትሉ፣ ከዚያ እርካብ ላይ ቆመው ወደ ኋላ ዞረው ፍላጻ እንዴት እንደሚለቁ ተናገርኩ። መምህሩ ወደ ሥዕሉ ቀረበ።

«በአንድ ጣት እንዴት ቆሞ ይዞራል? ያውም በዚያ ብርድ ያለ ጫማ? ከየት አመጣሽው?»

ክፍሉ ሳቀ። ያ አንድ ዓመት ታየኝና በእንግሊዝኛ፣ «አባቴ ነው የነገረኝ፤ እሱ ምንም አያውቅም» አልኩ።

የአባቴ እንግሊዝኛ ጥቂት ነበር። «ማይ ፋዘር» የሚለውን ብቻ ሰማና ብድግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለክፍሉ እጅ ነሣ። ሳቁ ቆመ። መምህሩ አንገቱን ደፋ።

በሰብዌይ፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ስንመለስ፣ «ምን ብለሽ ነው ያነሳሽኝ?» አለኝ።

«አባቴ ነው ያስተማረኝ አልኩ።»

ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔ ጨለማውን መስኮት አየሁ። አፈርኩ።

የሽሽቱን ስልት በደንብ ስላስረዳሁ አለፍኩ። አባቴ ሥዕሉን ሳሎን ሰቀለው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታሪኩን ሲጀምር እኔ ወደ ወጥ ቤት እሸሻለሁ። ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እውነቱን ሳልነግረው ሄደ።

ሥዕሉ አሁን እኔ ቤት ነው። ፖሊሱን ያየሁ ዕለት ማታ ትንሿ ልጄ ቀና ብላ የሞንጎሉን ባዶ እግር አየችና፣ «ማሚ፣ ሹዙ የት ሄደ?» አለችኝ።

«በአውራ ጣት ነው የሚጋለበው። አባቴ ነው ያስተማረኝ» አልኳት።

ያኔ በሰብዌይ አልኩ ብዬ የዋሸሁትን አሁን በእውነት አልኩት፤ የሚያዳምጠኝ ግን አባቴ አልነበረም።