በሬው የበላው ስንዴ

የግብርና ቢሮው ሠራተኞች ካሬ ነበር የሚሉት። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አራት ችካልና ገመድ ይዞ ገበሬ ማሳ ይገባል፤ አራት ሜትር በአራት ሜትር ይከልላል፤ ሰብሉ ሲደርስ ያንን ብቻ አጭዶ፣ ወቅቶ ይመዝናል። ዋናው መሥሪያ ቤት አገሩ ስንት እህል እንዳለው የሚያሰላው ከእነዚያ ቁራጭ መሬቶች ተነስቶ ነው። ስለዚህ ካሬ ሚዛን ላይ ሲያጎነብስ ትንፋሹን ይይዛል። ሚስቱ ግን «የአገሩን እህል ይመዝናል፤ የቤቱ ዱቄት ማለቁን አያውቅም» ትላለች። እውነቷን ነው።

ዘንድሮ ለካሬ ከተመደቡለት ማሳዎች አንዱ ባሏ የሞተባት የአንዲት ገበሬ ነበር። ከልሎ ሄዶ በሦስተኛው ሳምንት ሲመለስ፣ ሴትዮዋ ስንዴውን ራሷ አጭዳ ደጃፏ ላይ ቆልላ ጠበቀችው።

«ምነው እትዬ፣ የማጭደው እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ይደክምሃል ብዬ ነው። ይልቅ አረፍ በልና ውኃ ጠጣ።»

ደንቡ ገበሬው እንዲያጭድ አይፈቅድም፤ ፀሐዩ ግን አናቱን እየቀቀለው ነበርና እሺ አለ። ወቅተው ሲመዝኑት አሥራ ሦስት ኪሎ ሆነ። አምና እዚያው መንደር አምስት እንኳ አልሞላም። ሦስት ጊዜ መዘነው፤ ያው ነው። ጻፈ።

በሳምንቱ ጉድ ፈላ። የቢሮው ሥራ አስኪያጅ ግድግዳ ላይ የሠላሳ ዓመት ግራፍ አለ፤ የሕዝቡ መስመር ከፊት ይሮጣል፣ የእህሉ መስመር እያለከለከ ይከተላል። ዘንድሮ የዚያ አካባቢ እህል ዘሎ ቀደመ። በዕድሜ የካሬ ልጅ ሊሆን የሚችለው ሥራ አስኪያጅ ጥርሱን መክደን አቃተው።

«ጋሽ ካሬ፣ ማሳው ድረስ ጎብኚዎች እንወስዳለን። ንግግርም ጽፌያለሁ።»

ካሬ ግን ቁጥሩን ልቡ አላመነውም። በማግስቱ ብቻውን ወደ ሴትዮዋ ሄደ።

«እውነቱን ልንገርህ» አለች ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ። «የከለልከውን በሬዬ ገብቶ ሙልጭ አድርጎ በላው። ባዶ እጅህን ብትመለስ አለቃህ ይቆጣሃል ብዬ አንጀቴ አልቻለም፤ ከወንዝ ዳር ማሳዬ ምርጥ ምርጡን አጨድኩልህ።»

«ስንት ሜትር ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቄ። እንዳያንስብህ ብዬ አብዝቼዋለሁ።»

ካሬ መሬት ላይ ቁጭ እስኪል ሳቀ። ከዚያ በሬው በገባበት ማሳ ላይ ካልተበላው አዲስ ከልሎ በገዛ እጁ አጨደ። አራት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም።

ሥራ አስኪያጁ ሲሰማ ወሽመጡ ተቆረጠ። ከመሳቢያው የማረሚያ ቅጹን አወጣ።

«ምክንያት ይላል። ያለው ድርቅ፣ ጎርፍና ተባይ ብቻ ነው።»

«በሬ ብለህ ጻፍ።»

«ቦታ የለውም። ተባይ እንበለው?»

«ሴትዮዋ ከሰማች ትቀየመናለች። የምታርስበት እኮ ነው።»

ግማሽ ሰዓት ተከራክረው፣ ከቅጹ ግርጌ ባገኙት «ሌላ» በሚለው ተስማሙ። ጉብኝቱ ቀረ፤ የእህሉ መስመርም ወረደ። ሥራ አስኪያጁ ሊያየው አልፈለገም። ካሬ ግን መነጽሩን አድርጎ ግድግዳው ጋ ተጠጋ፤ ከአምናው የጥፍር ያህል ከፍ ብሏል።

«ይህቺ ጭማሪ እንኳ የእውነት ናት» አለና ምሳውን ሊበላ ወጣ።